እታገኝና ያሰራት ወንድሟ

እታገኝን ረፋድ ላይ የሚፈልግ ሰው ቤቷ አይሄድም። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ጅረቱ ዳር ወዳለችው የችግኝ ቦታ ይወርዳል። እዚያ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ጎንበስ ብላ በየላስቲኩ አፈር ስትሞላ ወይም የጌሾውን ችግኝ ውኃ ስታጠጣ ያገኛታል። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ነው። ሰው ሲያናግራት ቶሎ አትመልስም፤ ጥቂት ቆይታ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ነው የምትመልሰው። የማያውቃት ያልሰማችው መስሎት ጥያቄውን ይደግማል። እሷ ግን ሰምታለች። አንዳንድ ቀን ማንም የሌለበት ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣባት፣ የትኛው የሰውየው እንደሆነ እስክትለይ ነው የምትዘገየው።

የችግኝ ቦታው የማኅበር ነው። አባላቱ አሥራ ስድስት ናቸው፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው፣ በመድኃኒት የሚኖሩ ሰዎች። እታገኝ ሰብሳቢያቸው ናት። መጀመሪያ ላይ ሰዉ “የእብዶቹ ችግኝ” ይለው ነበር። አሁንም እንዲያ የሚል አይጠፋም፤ ክረምት ሲቃረብ ግን ያው ሰው አህያውን እየነዳ ይመጣና “እስቲ ከሚጸድቀው ስጪኝ” ይላታል።

ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ናት። ግማሹን ደግሞ የነገረኝ ወንድሟ ደግሰው ነው፤ እሱ ያለበትን ክፍል እሷ መናገር አልፈለገችም፣ “የሱን እሱ ይንገርህ” አለችኝ።

የተወለዱት ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ካለች መንደር ነው። እናት አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እታገኝ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ደግሰው የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር። እሱ ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል አቋርጦ ሞፈር ጨብጧል። እሷን ግን አስተማራት። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ሰቆጣ ቤት ተከራየላትና በየእሑዱ ስንቅ ተሸክሞ ይመላለስ ጀመር። በሶ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ገብስ። ስንቁን አስቀምጦ ቶሎ አይሄድም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ደብተሯን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጋል፤ አያነብበውም፣ የመምህሩን ቀይ ምልክት ነው የሚቆጥረው።

አሥረኛ ክፍል እያለች ነገሩ ጀመራት። መጀመሪያ በስሟ የሚጠራት ሰው ነበር፤ ዞር ስትል ማንም የለም። ከዚያ አብረዋት የሚኖሩት ልጆች በምግቧ ላይ አንዳች ነገር የሚጨምሩባት መሰላትና መብላት ተወች። አንድ የገበያ ቀን ከሰዉ መሐል ቆማ የክፍሏን ተማሪዎች ስም እንደ መምህር መጥራት ጀመረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትጠራና “አቤት” የሚል ስታጣ ታለቅሳለች፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሰዉ ከቧት ቆሞ ያያል። ደግሰውን በሰው ልከው ጠሩት። ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

“አቤት” አላት ቀርቦ።

እሷም “አንተ የክፍሌ ተማሪ አይደለህም” አለችው። ቢሆንም አብራው ሄደች።

ምን እንደነካት ማንም አላወቀም። ቡዳ ነው ያለ አለ፣ ትምህርት በዝቶባት ነው ያለ አለ። ደግሰው እርሻውን ለእኩል ሰጥቶ ጠበል ለጠበል ይዟት ዞረ። እዚያ ስትሆን የምትረጋጋበት ጊዜ ነበረ፤ ከመለሳት በኋላ ግን ይብስባታል። አንድ ጠዋት ከቤት ጠፍታ ገደል አፋፍ ላይ ቁማ አገኛት። በሳምንቱ እንደገና ሄደች፤ በዚያኛው ቀን ሊይዛት ሲል አንሸራተታትና ወደቀች፣ ክንዷ ተሰበረ። የያዛት ቁጥቋጦ ባይኖር ኖሮ ከታች ድረስ ምንም የሚያቆማት አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ አሰራት። በመጀመሪያ በጠፍር ነበር፤ ጠፍሩን በጥርሷ ስትበጥሰው ከሰቆጣ ሰንሰለትና ጓጉንቸር ገዝቶ መጣ። ከቤቱ ጀርባ በነበረችው ጎጆ ምሰሶ ላይ፣ በቀኝ እግሯ። ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንዲያ ኖረች። በቀን ሁለት ጊዜ እያጎረሰ ያበላታል። ብረቱ እንዳይበላት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጨርቅ ይጠቀልላል፣ ጨርቁን እያጠበ ይቀይራል። ከምሰሶው ጋር ሆና የተማሪዎቹን ስም ስትጠራ እሱ ማዶ እርሻው ላይ ሆኖ ይሰማታል። ሙሉ ዝርዝሩን በቃሉ ይዞት ነበር፤ ዛሬም ይችለዋል።

ሲስተር ፅዮን ያገኘቻት በአጋጣሚ ነው። ለሕፃናት ክትባት ወደ መንደሩ የመጣች ነርስ ነበረች፤ በአጥሩ በኩል ስታልፍ የስም ጥሪውን ሰማች።

“ቤት ውስጥ የሚማር አለ እንዴ?” ብላ ጠየቀችው።

“የታመመች አለች” አላት ደግሰው አቀርቅሮ።

“ልያት?”

“ምን ያደርግልዎታል።”

ሲስተር ፅዮን አልተጨቃጨቀችም። በሳምንቱ ግን ተመልሳ መጣች፤ የአእምሮ ሕክምና የተማረ ባልደረባዋን ይዛ። ሕመሙ መድኃኒት እንዳለው፣ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ መኖሩን ነገሩት። ደግሰው የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ጠበሉስ?”

“ጠበሉን ማን ከለከላት ጋሽ ደግሰው” አለችው ሲስተር ፅዮን። “ሁለቱንም ትውሰድ።”

በሦስተኛው ወር እታገኝ “ፀጉሬን መታጠብ እፈልጋለሁ” አለች። ደግሰው ውኃ ሊያሞቅ ሄዶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠና፣ ውኃው ፈልቶ እስኪገነፍል ድረስ አልተነሣም። በአራተኛው ወር ፈታት። ስትሄድ ቀኝ እግሯ አጭር እርምጃ ነበር የሚራመደው፤ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ። ያ እርምጃ እስኪለቃት ሌላ ዓመት ወሰደ።

ስለዚያ ጊዜ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። በየበዓሉ ይገናኛሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ያወራሉ፤ በዚያ በኩል ግን ማንም አያልፍም። የታሰረችባትን ጎጆ ክዳን ነፋስ ሲወስደው ደግሰው አልጠገነውም፤ እሷም ለምን እንደተወው አልጠየቀችውም።

እታገኝ ሕክምናውን ለመከታተል እንዲቀርባት ሰቆጣ ቤት ተከራየች። መድኃኒቱ እንቅልፍ ይጥልባታል፣ እጇን ያንቀጠቅጣታል፤ ፍርሃቱ ግን ለቀቃት። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ድርጅት ከጤናና ከግብርና ሰዎች ጋር ሆኖ መድኃኒት የሚወስዱትን ሰዎች በወር አንድ ቀን መሰብሰብ ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ከድርጅቱ አንዲት ሴት ተነሥታ “እናንተ ምን ትፈልጋላችሁ?” ብላ ጠየቀቻቸው። ከዚያ አንዷለም የሚባል፣ በፊት ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው፣ “ሰው ሰላም ሲለኝ እጄን ቢጨብጠኝ” አለ። ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ልጅ ብዕሩን ያዝ አድርጎ ቆየና ጻፈው።

እታገኝ “ሥራ” አለች።

ለሥራው የታሰበላቸው ዶሮ ማርባት ነበር። ዶሮ ይሁን ብለው ወረቀቱንም አዘጋጅተው መጡ። አባላቱ ግን እርስ በርሳቸው ተመካከሩና ዶሮ አንፈልግም አሉ፤ መድኃኒቱ ጠዋት ስለሚያስተኛን ዶሮ ተርቦ ያልቃል፣ ችግኝ ግን አርፍደን ብናጠጣውም ይታገሰናል አሉ። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ወደ ሲስተር ፅዮን ዞሮ “እነዚህ ሰዎች ይችሉታል ወይ?” ሲል ጠየቀ።

“እኛን ይጠይቁን” አለች እታገኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሰውየው አፍሮ ጥያቄውን ለእሷ ደገመው። እሷም “እንችላለን። ባንችል ደግሞ እኛው ነን የምንነግርዎት” አለችው። ማኅበር አቋቁመው ጅረቱ ዳር ያለችው መሬት የተሰጠቻቸው ከዚያ በኋላ ነው።

በማኅበሩ ውስጥ ብዙ ነገር ተማረች። ሕመም ሲመለስ በምን እንደሚታወቅ፣ የታመመ ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ ቤተሰብን እንዴት ማነጋገር እንደሚቻል። ድምፁ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣባታል። “ቆይ፣ ሥራ ይዣለሁ” ትለዋለች። አንዳንዴ ይታዘዛታል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላታል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒት ጠፋ። በሁለተኛው ወር እታገኝ መብላት ተወች፤ በሦስተኛው ወር የተማሪዎቹን ስም መጥራት ጀመረች። አባላቱ ራሳቸውም መድኃኒት አጥተው ነበር፤ ደኅና የሆነው ደኅና ያልሆነውን ይጠብቅ ብለው ተራ ገቡ። አንዷለም በሯ ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ስትወጣ አብሯት ይወጣል፣ የምትሄድበት ድረስ ሄዶ፣ ደክሟት ስትቀመጥ አብሯት ይቀመጣል። ስም ስትጠራ “አቤት” ይላል፤ ለሁሉም ስም፣ አንድ በአንድ።

ደግሰው መታመሟን ሰምቶ በእግሩ መጣ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይህንን ሁሉ ሲያይ ዋለ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የአንዷለምን ተራ እሱ ያዘ። መንገድ ተከፍቶ መድኃኒቱ እስኪገባ ድረስ መንደሩ አልተመለሰም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም አላሰራትም።

ባለፈው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ሲስተር ፅዮን ወደ ችግኙ ቦታ ወርዳ መጣች። ደሃና ወረዳ ውስጥ፣ ከአምደወርቅ ከተማ በላይ ካለች ቀበሌ፣ ይስማው የሚባል ሰው ቤቱ ውስጥ ከታሰረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሚስቱ ውዴ ትባላለች። የጤና ሠራተኞቹ ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስቱንም ጊዜ ከደጅ መልሳቸዋለች።

“አንቺ ብትሄጂ ትሰማሽ ይሆናል” አለቻት ሲስተር ፅዮን። “አንቺ ታስረሽ ታውቂያለሽ።”

እታገኝ እንደ ልማዷ ቆየች። ከዚያም “እኔን ይስማው ይሰማኝ ይሆናል” አለች። “የእሷን ሕመም የሚያውቀው ግን ሌላ ሰው ነው።”

በማግሥቱ ወደ መንደሯ ወጣች። ደግሰው አጥር እያጠበቀ ነበር።

“ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ደሃና ትሄዳለህ?”

“ምን ልሠራ?”

“ባሏን ያሰረች ሴት አለች። ታነጋግራታለህ።”

ደግሰው የያዘውን እሾህ መሬት ላይ አኖረና ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። እሷም የሚነሡበትን ቀንና ቦታ ነገረችው። ሻይ ጠጥታ፣ የወንድሟን ልጆች ስማ ወደ ሰቆጣ ተመለሰች። በአስተርዮ ማርያም ማግሥት ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያው ስትደርስ፣ ደግሰውን ዱላውን ይዞ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ አገኘችው።

ከአምደወርቅ ወዲያ በእግር ነው። ሽቅብ ነው መንገዱ፤ ገብሱ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ሲስተር ፅዮን መድኃኒቱን በትንሽ ሣጥን ይዛ ፊት ፊት ትሄዳለች። ከቤቱ ሲደርሱ ውዴ ደጃፉ ላይ እህል ታበጥር ነበር። አርባ ዓመት የሆናት፣ ዓይኖቿ የደከሙ ሴት ናት። ሣጥኑን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች።

“ደግማችሁ መጣችሁ።”

“ደኅና ዋልሽ እናቴ” አለች ሲስተር ፅዮን። “ልናስቸግርሽ አይደለም። ስለ መርፌው ልንነግርሽ ነው።”

“ነግራችሁኛል፤ ሦስት ጊዜ። እናንተ ፈታችሁ ትሄዳላችሁ። ከእሱ ጋር የማድረው እኔ ነኝ።” ከዚያ በእጇ ወደ ጎን አመለከተች። ከአጠገቡ ግድግዳው የጠቆረ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት ይታያል። “ያንን ያቃጠለው እሱ ነው። ጣሪያው ላይ ሰዎች አሉ ብሎ። ሁለት ልጆቼን ከእሳት ውስጥ በእጄ ነው ያወጣኋቸው።” እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች፤ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። “ይስማው ክፉ ሰው አይደለም። አናጢ ነው። የዚህን አገር በር ሁሉ የሠራው እሱ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ይመስላችኋል?”

ሲስተር ፅዮን ሣጥኑን መሬት ላይ አኖረች።

እታገኝ ጠጋ ብላ “እኔም ታስሬ ነበር” አለች። “ዓመት ከሁለት ወር። አሁን መድኃኒት እወስዳለሁ።”

ውዴ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ንጹሕ ቀሚሷን፣ ጫማዋን፣ ፊቷን። ያላመነች ትመስላለች።

“አንቺን ያሰረሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?” አለቻት።

ከኋላቸው፣ ከአጥሩ አጠገብ ዱላውን ተደግፎ የቆመው ደግሰው “እኔ ነኝ” አለ።

ውዴ ወደሱ ዞረች። እሱም ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ በኽምጣና፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ መናገር ጀመረ፤ አማርኛውን ይችለዋል፣ ይህኛው ነገር ግን በአማርኛ አልወጣለትም። ውዴም የአፍ መፍቻዋ ኽምጣና ነው። ሲስተር ፅዮን ቋንቋውን በደንብ አትሰማም፤ እታገኝ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

ስለ ገደሉ ነገራት። ስለ ጠፍሩና ስለ ሰንሰለቱ ነገራት። “በዚያ ዓመት ከመንደራችን ሰርግ አልሄድኩም፣ ለቅሶም አልደረስኩም” አላት። “ብረቱ እንዳይበላት ጨርቅ እጠቀልልላት ነበር። ጨርቁን ስቀይር ፊቷን አላይም። እግሯን ብቻ ነው የማየው። የእህቴን እግር ከፊቷ ይበልጥ አውቀው ነበር።”

ውዴ የሰበሰበችውን እጅጌ ወደታች መለሰች።

“ነርሷ መድኃኒት አለው ስትለኝ ደስ አላለኝም። ፈራሁ። ስትድን ትገድለኛለች ብዬ አይደለም፤ ‘ለምን?’ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ነው። ምን ብዬ እመልስላታለሁ? ዕድሜ ልኳን ባትድንስ የሚል ሐሳብ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቀን በልቤ አልፏል።” ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። “አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ። እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።”

ውዴ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዶሮዎቹ መጥተው የተወችውን እህል ሲለቅሙ እንኳን ያባረራቸው የለም።

“ሲወጋ አብሬው ልሁን?” አለች በመጨረሻ።

“አንቺ ካልሆንሽ አይሆንም” አላት ደግሰው።

ቁልፉን ማንም አልጠየቃትም። በመንገድ ላይ የተስማሙበት ነው፤ መርፌው ይቅደም፣ መፍታቱ እሷ በዓይኗ አይታ፣ ልቧ ሲያምን ይሁን ብለው። ገቡ። ይስማው ከግድግዳው ጥግ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጧል፤ ፂሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። እታገኝ ከፊቱ ትንሽ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

“እታገኝ እባላለሁ” አለችው። “ከሰቆጣ ነው የመጣሁት። ውኃ ትፈልጋለህ?”

ይስማው አያት። “ሰዓት ስንት ነው?” አላት።

እታገኝ ስልኳን አወጣች። “ስምንት ሰዓት ተኩል።”

“ቀኑስ?”

“ሐሙስ ነው። ጥር ሃያ ሁለት። ትናንት አስተርዮ ማርያም ነበረች።”

“አመለጠችኝ” አለ ይስማው።

“እኔም ታምሜ ሳለሁ ብዙ በዓል አምልጦኛል” አለችው። “ኋላ ስትድን ትደርስባቸዋለህ፤ በየዓመቱ ይመጣሉ።”

ሰውየው ይህንን ጥቂት አሰበበትና ውኃውን ተቀበላት። ሲስተር ፅዮን ስለ መርፌው ስትነግረው ወደ ሚስቱ አየ። ውዴ ከጎኑ ቁጭ ብላ ክንዱን ያዘች። “እኔም እዚሁ ነኝ” አለችው። እጁን ሰጠ።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ወደ ተከዜ በኩል አዘቅዝቃ ነበር። ሲስተር ፅዮን ኔትወርክ ስታገኝ ስልክ እያወራች ቀደመች፤ ወንድምና እህት ከኋላ ቀሩ። ቁልቁለት ስለነበረ ደግሰው እየቆመ እጁን ይዘረጋላታል፣ እሷም ይዛ ትወርዳለች።

“ጋሼ” አለችው።

“አቤት።”

“ለምን እንዳልጠየቅኩህ ልንገርህ?”

ቆመ። “ንገሪኝ።”

“አውቀው ስለነበረ ነው። ገደሉ ላይ ስትይዘኝ ታለቅስ ነበር። ያመመው ሰው የማያይ ይመስላችኋል። አያለሁ። ሁሉንም አያለሁ።” ወደሱ ዞረች። “ግን ተቆጥቼህ ነበር። ብዙ ዓመት። አሁንም አንዳንድ ቀን ቁርጭምጭሚቴን ስታጠብ እቆጣሃለሁ።”

“ተቆጪ” አላት። “መብትሽ ነው።”

“እዚያ ቤት የነገርካትን ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ ግን ቁጣዬ ቶሎ ያልፍ ነበር።”

ደግሰው ዱላውን ጥሎ ሊንበረከክ ሲል ክንዱን ያዘችው። “ተው ጋሼ፤ ሰው ያየናል። ደግሞ ቁልቁለት ነው፣ ሁለታችንም እንወድቃለን።” አለችውና ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጠች። ሲስተር ፅዮን ከታች ዞር ብላ አየቻቸውና፣ የጨረሰችውን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች እዚያው ቆመች።

ይስማው ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ተፈታ። ውዴ ራሷ ነች የፈታችው፤ በጠዋት፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ከላከች በኋላ። እግሩ ደክሞ ስለነበር ደጃፉ ድረስ ደግፋው ወጣች፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ፂሙን ቆረጠችለት። አሁንም ሙሉ በሙሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ጣሪያ ላይ ሰው አለ የሚልበት ቀን አለ፤ በዚያ ቀን ክብሪቱን ራሱ ለውዴ ይሰጣታል። በግንቦት ወር ግን አምደወርቅ ለሚገኝ አንድ ሰው በር ሠርቶ ጨርሷል፤ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበትን ሥራ በሁለት ወር።

ደግሰው የማኅበሩ አባል ሆኗል፤ የአስታማሚዎች ወኪል ብለው መርጠውታል። ከእታገኝ ጋር በየሁለት ወሩ አንድ ቤት ይሄዳሉ። እሷ ወደታመመው ትገባለች፣ እሱ ካሰረው ሰው ጋር ደጅ ይቀመጣል። እስካሁን አምስት ቤት ሄደዋል። በሁለቱ ቤት እምቢ ተብለዋል፤ ከእነሱም በአንደኛው ቤት ሰውየው አሁንም እንደታሰረ ነው። ስለዚያኛው ቤት ሲነሣ እታገኝ “እንመለሳለን” ትላለች።

ባለፈው ሰሞን ሰቆጣ ሄጄ አብረን ተቀምጠን ሳለን የደግሰው ስልክ ጮኸ። ደግሰው ስልክ ሲያነጋግር ጆሮው ላይ አያስጠጋውም፤ ፊት ለፊቱ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን። ውዴ ነበረች። ይስማው ሌሊቱን ሲንጎራደድ አድሯል፣ መርፌው ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ምን ላድርግ አለችው። ጤና ጣቢያ ይዛው እንድትሄድ፣ ቀኑን ሳትጠብቅ እንድታሳየው ነገራት። ከዚያ “ይስማው ዛሬ በላ?” አላት።

“በላ።”

“አንቺስ በላሽ?”

“እኔ ኋላ እበላለሁ።”

“እንግዲያው መጀመሪያ ብዪ” አላት ደግሰው። “ብዪና መልሰሽ ደውዪልኝ። እዚሁ ነኝ።”

ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እታገኝ የቀረበላትን ሻይ ወደሱ ገፋ አደረገችለትና ችግኞቿን ልታይ ወጣች።